ያመመኝ ራሴን፣ የታመመው አንገቴ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ናት። ሁለት ስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ እና እኔ። ደንበኛ ሲገባ ከአምስታችን አንዱ መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ የምወጣው እኔ ነኝ።

ዓመቱን ሙሉ ሥራዬ ጥቃቅን ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ጂንስ ያሳጥራሉ። ዚፕ ይቀየራል። ከወሊድ በኋላ የጠበበ ቀሚስ ከጎኑ ይለቀቃል። ነሐሴ ሲገባ ግን ሌላ ጉድ ይመጣል። ዩኒፎርም።

የሰፋ ያውቀዋል። ጉርዱ ፕሊሴ አለው፤ እጥፋቱ ሁሉ እኩል ካልሆነ እናትየዋ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ትቆጥርልሻለች። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክሩም ጥቁር ሰማያዊ። ውጭ ዝናብ ነው፤ መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይን ወደ መርፌው ይጠጋል። ዓይን ሲጠጋ አገጭ ይከተላል። አገጭ ሲወጣ አንገት እንደ ዔሊ ይዘረጋል። እንደዚያ ሆኜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚያው በነሐሴ፣ ራሴን ያመኝ ጀመር።

ቦታውን በጣቴ ማሳየት እችላለሁ። ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ዝቅ ብሎ፣ የራስ ቅል አልቆ ማጅራት የሚጀምርበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ከዚያ ይነሳል። በጆሮዬ ዙሪያ አድርጎ ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻው ቀኝ ዓይኔ ጀርባ ነው። እዚያ ሲደርስ ተደላድሎ ይቀመጣል። ትር ትር አይልም፣ ዝም ብሎ ይጫናል። አንዳንዴ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን። ሁልጊዜ ቀኝ። ግራዬን አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም። ይሄ ነገር በኋላ ትልቅ ፍንጭ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ግን ማን ጠይቆኝ?

ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ሳይነስ ነው አለ። ኮዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በጋው አቧራ፣ ክረምቱ የመረሬ ጭቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ንፋስ። እዚህ ዳር አገር ግንባሩን የያዘ ሰው ሁሉ ሳይነስ አለበት። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ካርድ አወጣሁ። «የት ጋ ነው?» ተባልኩ። ዓይኔ ጀርባ አልኩ። አሞክሳሲሊን ተጻፈልኝ። አፍንጫዬ አልተዘጋም፣ ትኩሳት የለኝም፣ ንፍጥ የለኝም። መድኃኒቱን ግን እስከ መጨረሻው ዋጥኩት። ያልነበረ ሳይነስ እንዴት ይድናል?

ቀጥሎ መነጽር። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቀለለኝ። ራስ ምታቱ ግን መነጽር አድርጎ ቀጠለ።

ቀጥሎ እናቴ። ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ዳማከሴ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ለጋ ቅቤ በብርጭቆ ይዛ መጣች። «ምች ነው» አለች። ከእናቴ ጋር በምች ጉዳይ አልከራከርም። ዳማከሴውን አሽታ አስሸተተችኝ፣ ቅቤውን አናቴ ላይ አደረገችልኝ። እውነቱን ለመናገር ቅቤውን እወደዋለሁ፤ እናቴ አናቴን ስታሸኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው እሆናለሁ። ግን በማግስቱ አንዲት ደንበኛ የልጇን ሸሚዝ አሽትታ «ምነው ቅቤ ቅቤ አለ?» አለችኝ። ቅቤው እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ ኪኒን። መጀመሪያ ፓራሲታሞል፣ ቀጥሎ ዲክሎፌናክ። ፋርማሲው ከሱቄ ሦስት በር ነው። ልጁ ገና ስገባ እጁን ወደ መደርደሪያው ይልካል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን ግድግዳዬ ላይ ያለውን ካላንደር በስፌት ጠመኔ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ኪኒን የዋጥኩበት ቀን ሁሉ አንድ ሰረዝ። ጥቅምት ሲያልቅ ቆጠርኩ። ከ30 ቀን 21 ሰረዝ። ደንግጬ ካላንደሩን ገለበጥኩት። ብልህ ሰው ነኝ!

አሁን ወደ ወጌሻው ልምጣ። ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም፤ ደግሞም ባለ ውለታዬ ናቸው። ልጄ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ዞሮት እሳቸው ናቸው ያሹት፤ በሳምንቱ ሮጠ። እምነቴ ከዚያ የመጣ ነው። ሄድኩና «አባባ፣ ማጅራቴ አካባቢ ነው» አልኳቸው። ዱካ ላይ አስቀመጡኝ። ዘይት ቀቡኝ። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «አጥንቱ ወልቋል፣ እመልሰዋለሁ» አሉ። አንድ እጃቸው አገጬ ላይ፣ አንዱ ከኋላ። እስትንፋሴን ሳልጨርስ ጠመዘዙት።

ቀጭ አለ።

ለአስር ደቂቃ ያህል ቀለለኝ። ከዚያ መሬቱ እንደ ታንኳ ይወዛወዝ ጀመር። ሁለት ቀን ግድግዳ ይዤ ሄድኩ፤ ሁለት ቀን አልሰፋሁም። ራስ ምታቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ዓይኔ ጀርባ ወንበሩን ያዘ። ያኔ ያላወቅኩትን ዛሬ ስለማውቅ ልናገር። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያልፉት። በድንገት ሲጠመዘዙ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው፤ ሲሆን ግን ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ቁርጭምጭሚት ሌላ፣ አንገት ሌላ።

ፊዚዮቴራፒስቷን፣ በእጅና በእንቅስቃሴ የምታክመኝን ባለሙያ፣ ያገኘሁት በሱሪ ነው። አንድ ደንበኛዬ የወገብ ሕመም ነበረበት። ሱሪውን ሲለካ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁትና «ምን ተገኘ?» አልኩት። ወደ ሳሪስ መንገድ ያለ አንድ ክሊኒክ ነገረኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለኳስ ተጫዋችና ለስትሮክ በሽተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለራስ ምታት ፊዚዮቴራፒ? እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

ጎንደር የተማረች ልጅ ናት፤ ከእኔ አስር ዓመት ታንሳለች። «ሲስተር» ስላት ሳቀች። «ዶክተር» ስላት ይብስ ሳቀች። እሷ ደግሞ «እርስዎ» ትለኛለች። አንቱታው ይቅር፣ ገና አላረጀሁም አልኳትና ተስማማን።

ከእጇ በፊት ጥያቄዋ መጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል። መቼ ጀመረሽ? በአንዴ ነው እያደር? ወድቀሻል፣ መኪና ገጭቶሽ ያውቃል? ከየት ተነስቶ የት ይሄዳል? ጎን ይቀይራል? አንገትሽን ስታዞሪ ይብሳል? ብርሃን ያስጠላሻል? ያስመልስሻል? እጅሽ ይደነዝዛል? ነገር ለሁለት ይታይሻል? መናገር አቅቶሽ ያውቃል? ክብደት ቀንሰሻል? ስንት ኪኒን በወር? የመጨረሻዋ ላይ ዓይኔን ሰበርኩ። ካላንደሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበርና አሳየኋት። አልተቆጣችም። ተራ ማስታገሻ በወር ለ15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ የሚወስድ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊሆንበት እንደሚችል ነገረችኝ። 21 ሰረዝ!

ስለ ወጌሻው ነገርኳት፣ ስለ መወዛወዙም። ፊቷ ተለወጠ። የደም ግፊቴን ለካች፣ ዓይኔን በጣቷ አስከተለች፣ ምላስሽን አውጪ አለችኝ፣ እጄን አስጨበጠችኝ። ከዚያም ለዚያ ቀን አንገቴን ሳትነካ እዚያው ላለው ሐኪም አስተላለፈችኝ። ሐኪሙ አይቶ ደህና ነሽ ብሎ መለሰኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ከኮዬ ሁለት ታክሲ ይዞ መጥቶ ሳይነኩ መመለስ! በኋላ ሳስበው ግን አመኔታዬን የወሰደችው ያን ቀን ነው። አባባ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። እሷ እስክትጠግብ ጠየቀች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ማጅራትና ራስ ምታት ሲባል ብዙዎቻችን የምንፈራው ማጅራት ገትርን ነው። ብንፈራም አልተሳሳትንም። ትኩሳት ኖሮ አንገት ድርቅ ካለ፣ ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ በአንዴ ከመጣ፣ ከመውደቅ ወይም ከግጭት በኋላ ከጀመረ፣ ፊት ወይም እጅ ከከዳ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ወይም ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው የማያውቀው ዓይነት ራስ ምታት ከጀመረው፣ ያ የእኔ ዓይነት አይደለም። መታሸትም፣ መጠበቅም የለም። ቀጥታ ሆስፒታል።

በሁለተኛው ቀን ነካችኝ።

በጀርባዬ አስተኛችኝና ራሴን በሁለት መዳፏ ያዘችው። አገጬን ደረቴ ላይ እስኪደርስ አጎነበሰችው። በዚያው እንደታጠፈ ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ወደ መሃል መለሰችውና ወደ ቀኝ አዞረችው። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ዚፕ ክር ሲበላ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ገና መንገድ አለ፣ ግን አይሄድም።

እንደነገረችኝ አንገት ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ የታችኞቹ አጥንቶች ይቆለፋሉ፤ የሚዞረው በዋናነት በአንደኛውና በሁለተኛው አጥንት መካከል ያለው መገጣጠሚያ ብቻ ይሆናል። ጤነኛ ሰው በዚህ ሁኔታ ወደ እያንዳንዱ ጎን 44 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ከ32 በታች ሲሆን ጥርጣሬው ወደዚያ መገጣጠሚያ ይሄዳል። የእኔ ቀኝ 20 ገደማ ነበር። ራሳችንን ከምናዞረው ግማሽ ያህሉ የሚዞረው በዚያች አንዲት መገጣጠሚያ ላይ መሆኑንም ያን ቀን ነው የሰማሁት። እኔ ደግሞ ለዓመታት ሰው ከጎን ሲጠራኝ በመላ ትከሻዬ ነበር የምዞረው። ባለቤቴ «እንደ ሮቦት ትዞሪያለሽ» ሲለኝ ያኮረፍኩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በሆዴ አስተኛችኝ። ግንባሬ እጆቼ ላይ። ሁለት አውራ ጣቶቿን ደርባ ከራስ ቅሌ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ቀኝ አስቀመጠችና ተጫነች። ጠንክራ አይደለም። ከእናቴ የቅቤ እጅ እንኳ ይለዝባል።

ዓይኔ ጀርባ ያለው ነገር ነቃ።

እጇ ማጅራቴ ላይ ነው፤ የሚያመኝ ዓይኔ ነው። «ከዓይኔ ላይ እጅሽን አንሺ» ልላት ምንም አልቀረኝም። «ይሄ ነው? የምታውቂው ሕመም ነው?» አለችኝ። ራሱ ነው አልኳት፤ ድምፄ ተሰበረ። ያን ሁሉ ጊዜ ግንባሬን ስይዝ፣ አፍንጫዬን ስታጠን፣ ዓይኔን ስለካ ነበር። እጇን ሳታነሳ ቆየች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሕመሙ እንደ በረዶ መሟሟት ጀመረ። ሲጫኑት መምጣቱ፣ ተጭነው ሲቆዩ መሄዱ፣ ሁለቱም ጥሩ ምልክት ነው አለችኝ።

አንገት ታሞ ዓይን ለምን ያማል? እሷ በነርቭ ሥዕል አስረዳችኝ፤ እኔ በራሴ ቋንቋ ልናገር። ከላይኞቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣው መልእክት እና ከፊትና ከግንባር የሚመጣው መልእክት አንጎል ግርጌ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁለት ክር በአንድ መርፌ ቀዳዳ እንደማስገባት ነው። አንዱ ሲጎተት አንጎል የትኛው ክር እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜም ፊት ነው ብሎ ይፈርዳል። ለዚህ ዓይነት ራስ ምታት ስም ያወጣለት ኦታር ሾስታድ የሚባል የኖርዌይ የነርቭ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983። ስሙ አንገት ወለድ ራስ ምታት እንደማለት ነው። ሕመሙ ግን ስም ከመውጣቱ በፊትም ልብስ ሰፊዎችን ሲያስለቅስ የኖረ ይመስለኛል።

«አጥንቴ ወልቋል ወይ?» አልኳት። «ቢወልቅማ ኖሮ ተራምደሽ አትመጪም ነበር» አለችኝ። የወለቀም፣ የተዛነፈም ነገር የለም። የደረቀ መገጣጠሚያ፣ የተኮማተሩ ትንንሽ ጡንቻዎች፣ በቃ። ራጅ ልነሳ ስላት ደግሞ በአርባ ዓመት አንገት ላይ ትንሽ መበላት ቢታይ ምንም የማያመው ሰው ላይም እንደሚታይ ነግራኝ ብሬን አዳነችልኝ።

ሕክምናው ራሱ ለተመልካች አሰልቺ ነው። አውራ ጣቷ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ይጫናል፣ ይለቃል፤ የድሮ ሲንጀር ፔዳል የሚረገጥበት ምት። እጅ መገጣጠሚያን የሚያንቀሳቅስበትን መጠን ከ1 እስከ 4 በደረጃ የከፈለው ጄፍሪ ሜይትላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ ፊዚዮቴራፒስት ነው። አንድ እምብዛም የማይሰማ ነው፣ አራት እስከ መገጣጠሚያው ጫፍ የሚደርስ። ቀጭ የሚያደርገው ከነዚህ በላይ አምስተኛ ሆኖ ይቆጠራል። እሷ እኔ ላይ አምስተኛው ጋ አልደረሰችም። «እንዲህ በለዘብታ የሚሠራ ነገር እያለ ለምን?» አለችኝ። ከዚያ የራስ ቅሌን ጠርዝ በጣቶቿ ጫፍ ተሸክማ ትቆያለች። ራሴ በጣቶቿ ላይ ይቀመጣል፣ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይለቃል። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ አንኮራፋሁ።

በስድስት ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ሄድኩ። ክፍያው የስድስት ሱሪ ማሳጠሪያ ያህል ነው፤ ተሰምቶኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ኪኒኑን እንድቀንስ ስላደረገች ይብስብኝ ነበር። ቀድማ ነግራኝ ስለነበር ነው የቻልኩት። ሳትነግረኝ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ቀን ላይ ሰድቤያት እቀር ነበር።

የእጁን ሥራ ሁሉም ሰው ይወደዋል። ተኝቶ መታሸት ማን ይጠላል? የማይወደደው የቤት ሥራው ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ነው። በጀርባ መተኛት። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ አጣጥፋ ከማጅራቴ ስር አስገባችና መርፌው 20 ላይ እስኪቆም ነፋችው። ከዚያ «አዎ» ስትይ እንደምትነቀንቂው ያህል አገጭሽን ዝቅ አድርጊ አለችኝ። መርፌው ወደ 22 መሄድ አለበት፤ ከዚያ 10 ሰከንድ መቆየት። ይሄ ሥራ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩ። አራተኛው ሰከንድ ላይ መርፌው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ወደቀ። አርባ ሜትር ጨርቅ በትከሻዬ ተሸክሜ ደረጃ የምወጣ ሴትዮ ራሴን ለአስር ሰከንድ መነቅነቅ አቃተኝ።

ከጉሮሮ ጀርባ አከርካሪውን ከፊት ደግፈው የሚይዙ ቀጫጭን ጡንቻዎች አሉ። የኔዎቹ ሥራ ከፈቱ ቆይተዋል። የሸሚዝ ኮሌታ ውስጡ የሚገባው ጠንካራ ጨርቅ ከሌለው ከላይ የፈለገውን ያህል ብትተኩሰው ይወድቃል። እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው እጅ ብቻውን የማይበቃው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ አውስትራሊያዊቷ ግዌንዶለን ጃልና ባልደረቦቿ 200 ሰው ላይ የሠሩት ጥናት አለ። አንዱን ቡድን በእጅ አከሙት፣ አንዱን ይህን የመሰለ ለስላሳ እንቅስቃሴ አሠሩት፣ አንዱን ሁለቱንም፣ አንዱን ምንም። የታከሙትም የተንቀሳቀሱትም ራስ ምታታቸው ቀነሰ፤ ከዓመት በኋላም እንደቀነሰ ቆየ። ሁለቱን ያጣመሩት ደግሞ በትንሹ በዛ ያሉ ሰዎች ተጠቀሙ። ጥናቱን የነገረችኝ «እጅሽ ብቻ ይበቃኛል፣ የቤት ሥራው ይቅር» ብዬ የተደራደርኩ ቀን ነው።

ሁለተኛው የቤት ሥራ ቀበቶው ነው። እሱ የኔ ነው፤ እወደዋለሁ። ብራያን ሙሊጋን የሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ያመጣው ዘዴ ነው። ክሊኒኩ ያለው ቀበቶ አንድ ብቻ ስለሆነ እኔ ቤቴ ገብቼ ሰፋሁት። ከዩኒፎርም የተረፈ ቴትሮን፣ ሦስት ጣት ስፋት፣ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ጠርዙ ድርብ ስፌት። ጠርዙን ልክ ከራስ ቅሌ ስር አስቀምጠዋለሁ። ቀኜ ስለሆነ የሚደርቀው፣ ከግራ የመጣውን ጫፍ በጉንጬ አሳልፌ በቀኝ እጄ ወደ ፊት ለፊት እስባለሁ፤ ሌላውን ጫፍ በግራ እጄ ደረቴ ላይ እይዛለሁ። እየሳብኩ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። መጨረሻው ላይ ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ መመለስ። ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ማመም የለበትም። ካመመ ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው። ደግሞ ባለሙያ ሳያያችሁና ሳይመረምራችሁ ከእኔ ተምራችሁ እንዳትሞክሩት፤ የእናንተ ግራ ይሁን ቀኝ፣ አንገት ይሁን ሌላ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየኝ «ማዘር ልጓም ገባላት» ብሎ ለሰፈር አወራ።

የቀረው የሱቋ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን እንዴት እንደምሰፋ በቪዲዮ ቀርጬ ወሰድኩላት። አይታ ዝም አለች። ከዚያ «ኮዬ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ትሸከሚያለሽ አይደል?» አለችኝ። ራስ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ያህል ይመዝናል። ደረት ላይ አስጠግተሽ ብትይዢው ታክሲ ተራ ድረስ ትሄጃለሽ። እጅሽን ዘርግተሽ ያዢው እስቲ። እኔ ለካ በቀን አስራ ሦስት ሰዓት እጄን ዘርግቼ ነው የምይዘው።

ባለቤቴ የመኪናውን ጠረጴዛ በአራት ቁራጭ እንጨት ከፍ አደረገልኝ። የሚሞላ ትንሽ መብራት መርፌው ጎን ታሰረ፤ ዓይን እንዳይጠጋ። ስልኬ በየግማሽ ሰዓቱ ይጮሃል፣ እነሳለሁ፣ በር ላይ ቆሜ ጎረቤት አያለሁ። ወሬ ለመስማት ነው የምትወጪው ይሉኛል። እሱም አለበት።

ዛሬ? ካላንደሩ እዚያው ነው። ባለፈው ሰኔ ሦስት ሰረዝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሰባት፤ ዩኒፎርም ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ሕመሙ ሲነሳ አሁን ከየት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ዓይኔ ጋ ሳይደርስ ማጅራቴ ላይ እይዘዋለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም።

ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ የእኔን አይታ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ሄዳ ነበር። የእሷ ብርሃን ያስጠላታል፣ ያስመልሳታል፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ነው፣ ትር ትር ይላል። አንገቷም ያማታል፤ እሱ ነው ያሳሳተን። ልጅቷ አይታት የአንቺ ሚግሬን ይመስላል ብላ ወደ ነርቭ ሐኪም ላከቻት። ጎረቤቴ መታሸት ፈልጋ ስለነበር ተቀይማኛለች። መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ቡና ጠርታኛለች፣ ታርቀናል።

ባለፈው ሳምንት ፊዚዮቴራፒስቷ ደወለች። አንገቴን የምትጠይቅ መስሎኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። እሷ የፈለገችው አስር ቀበቶ ነው፤ ለሌሎች ታካሚዎች። ሦስት ጣት ስፋት፣ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ጠርዙ ድርብ። ዋጋ ስትጠይቀኝ የስድስት ሱሪ ሂሳቧ ትዝ አለኝና ትንሽ ልጨምር አሰብኩ፤ ከዚያ ተውኩት። ቀለም ምረጪ አልኳት፣ ያለሽን አለችኝ። ያለኝ የዩኒፎርም ትራፊ ነው። ስድስቱን ጥቁር ሰማያዊ፣ አራቱን ቡኒ አድርጌያለሁ። ማክሰኞ ሰው ልካ ትወስዳለች።